አምስት ደቂቃሽን የሚቆጥረው ሰዓት

ውድ እማዬ፣

አንቺ ደብዳቤ ስታነቢ የምትጀምሪው ከመጨረሻው መስመር ነበር። «ማን እንደሞተና ማን እንደተወለደ ልወቅ፣ ከዚያ ተረጋግቼ አነባለሁ» ትዪ ነበር። ዛሬ ግን እለምንሻለሁ፣ ከላይ ጀምሪ። ማንም አልሞተም፣ አባዬም ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ወደ ታች እንዳትሮጪብኝ ነው።

የምጽፍልሽ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ነው። ትንንሾቹን መፍቻዎች ወደ ጎን ገፋ አድርጌ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጌ ወረቀት ዘርግቻለሁ። ሰው እየጠበቅሁ ነው። «አምስት ደቂቃ» ብሎኛል። ማን እንደሆነ ኋላ እነግርሻለሁ። የምጽፈው ደግሞ የምጠይቅሽ ነገር ስላለ ነው፤ እሱንም ኋላ።

ነገሩ የአባዬ ሰዓት ነው። የገዛሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ? እኔ እዚሁ ሱቅ ገና እየተማርኩ ነበር፤ አባዬ ደግሞ ከሬዲዮ ጣቢያው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። አንቺ የሰው የሙሽራ ቀሚስ ክንድሽ ላይ አንጠልጥለሽ፣ ክር ያለበት መርፌ ደረትሽ ላይ እንደተሰካ ገባሽ። አለቃዬን፣ እኚህን ከአፋቸው «ቀስ» የማይጠፋውን፣ በዚሁ ምክንያት እናታቸው ያወጡላቸው ስም ተረስቶ ሁሉም ሰው ጋሽ ቀስ የሚላቸውን ሰውዬ፣ «ከሁሉ የሚበልጠውን አሳዩኝ» አልሻቸው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ጋሽ ቀስ አንድ ደንበኛ እንዲሸጡለት የተወውን ባለመቁጠሪያ የእጅ ሰዓት፣ ክሮኖግራፉን፣ አወጡ። ነጭ ፊቱ ላይ ሦስት ትንንሽ ክቦች፣ ጎኑ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉት። የላይኛውን ሲጫኑት ረጅሙ ቀጭን ቆጣሪ ይነሳና መቁጠር ይጀምራል፣ ሲደግሙት ይቆማል፣ የታችኛውን ሲጫኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ባትሪ የለውም፤ ጠዋት ጠዋት በጣት ይሞላል።

«ልክ ይሠራል?» አልሽ።

ጋሽ ቀስ ለገበያ ብለው መዋሸት አያውቁበትም። «እውነቱን ልንገርዎት? መንገድ ላይ የሚሸጠው ባለባትሪ ከዚህ የተሻለ ልክ ነው። ይሄ በቀን ጥቂት ሰከንዶች ያጠፋል። ጠባይ አለው። በጀርባው ሲያስተኙት ይቸኩላል፣ በጎኑ ሲያቆሙት ይለግማል። ማግኔት ከነካው ያብዳል። ደግሞ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም።»

«ይሄን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ጠባይ ልገዛ?»

«ጠባዩን ነው የሚገዙት።»

«ጠባይማ ቤቴ ሞልቷል» አልሽና ሳቅሽ። ገዛሽው ግን። በማግስቱ ጋሽ ቀስ «እናትሽ ዋጋ ሳትከራከር የገዛች የመጀመሪያዋ ሰው ናት» አሉኝ። ክርክሩን ቤት ለአባዬ እንዳስቀመጥሽው አላወቁም።

ለአባዬ ስትሰጪው ያልሽው ትዝ ይለኛል። «በአፍህ ከምትቆጥርብኝ በዚህ ቁጠርብኝ» ነበር ያልሽው። እውነትሽን ነበር። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ዜና በሰዓቱ እንዲጀምር ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው፤ አንዲት ሰከንድ ብታልፍ እራት አይበላለትም። ይህ ሰው ደግሞ ሄዶ ሄዶ አንቺን አገባ። «አምስት ደቂቃ» ካልሽ በኋላ አንድ አዝራር ትተክያለሽ፣ ከዚያ ጠርዙን ታያለሽ፣ ከዚያ ጫማሽ ይጠፋል። የጎረቤታችን ልጅ ያገባች ቀን ሙሽራዋ በውስጥ ልብስ ተቀምጣ ስትጠብቅሽ፣ ሙሽራው በር ላይ በላብ ሲጠመቅ፣ አንቺ «ይቺን እጅጌ ብቻ» ስትዪ ነበር።

ሰዓቱ ከመጣ በኋላ ግን ጠቡ ጨዋታ ሆነ። «አምስት ደቂቃ» ስትዪ አባዬ የላይኛውን ቁልፍ ቀጭ ያደርጋል። ስትወጪ ያቆመውና በዚያ በሬዲዮ ድምፁ ያነባል፤ «ክቡራን አድማጮቻችን፣ አምስት ደቂቃ ተብሎ የተያዘው ፕሮግራም ባጋጠመ የቴክኒክ ችግር ወደ አርባ ደቂቃ ተራዝሟል። ስለተፈጠረው ሁኔታ ይቅርታ እንጠይቃለን።» አንቺ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?» ብለሽ ክንዱን ትይዢዋለሽ። እኔ ከኋላችሁ ስሄድ አፍር ነበር። አሁን ያቺን እፍረት በምን ልግዛት።

ማታ ማታ ደግሞ ከዜናው በፊት የምትሰማውን ምልክት ጠብቆ ሰዓቱን ያስተያያል። ቀድሞ ከሆነ የክር ሳጥንሽን አስደግፎ በጎኑ ያቆመዋል፤ ዘግይቶ ከሆነ በጀርባው ያስተኛዋል። ጠዋት ተስተካክሎ ይገኛል። «ልጃችንን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቀህ አስተኝተሃት አታውቅም» ትዪው ነበር።

አንቺን ሆስፒታል ባስገባንሽ ቀን እኔ ታች ካርድ ክፍል ነበርኩ። ስመለስ ተሽከርካሪው አልጋ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ድርብ በሩ ተዘግቷል፣ አባዬ በሩ ፊት ቆሞ የእጁን ሰዓት ያያል። እንዴት እንደተያያችሁ አላየሁም፣ ምን እንደተባባላችሁም አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺም እኔም እናውቀዋለን፤ አልጽፈውም።

አባዬ አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለችውን ወንበር ያዘና እዚያው ቀረ። ሰው ሲመጣ «ተቀመጡ» ይላል፣ ሲሄድ «ደህና ሁኑ» ይላል፣ በመካከሉ ምንም አይልም። ጠዋት የሚነሳው ሰዓቱን ለመሙላት ነው፤ ማታ ነቃ የሚለው ሰዓቱን ከሬዲዮው ጋር ለማስተያየት ነው። እኔ ከሱቁ አጠገብ ወዳለችው ክፍሌ ስመለስ በሆዴ «ይህ ሰዓት እስካለ አባዬ አለ» እያልኩ ነበር። ሰዓት ሠሪ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ምን ያህል እንደሚያስፈራ አንቺ ይገባሽ ይሆናል።

ሰዓቱ መዘግየት ጀመረ።

መጀመሪያ በስልክ ነገረኝ። «ባለሙያዋ፣ ሰዓትሽ ከዳኝ» አለ። በጎኑም በጀርባውም ቢያስተኛው በየቀኑ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያውም ጥቂት አይደለም። እሑድ ሄድኩ። ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ረጅሙ ቆጣሪ ይዞራል። እጅጌው ነክቶት ይሆናል ብዬ የላይኛውን ቁልፍ ተጭኜ አቆምኩት፣ የታችኛውን ተጭኜ ወደ ዜሮ መለስኩት። ይህ የእጃችን ልማድ ነው፤ ክሮኖግራፍ ሲመጣልን ከመክፈታችን በፊት የምናደርገው ነው፣ አንቺ ጨርቅ ከመቁረጥሽ በፊት በመዳፍሽ እንደምታለሰልሺው። አባዬ ብድግ ብሎ «ደክሞኛል» አለና ወደ መኝታ ቤት ገባ። ምሳ እንኳ አልበላንም። እኔም ልብ አላልኩም።

ሱቅ ወስጄ ከፈትኩት። ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ሞላው ጤነኛ ነው። የሰዓት ምት የሚያዳምጠው መሣሪያ ላይ በጀርባው፣ በፊቱ፣ በጎኑ አስቀመጥኩት፤ በሁሉም በኩል ደህና ነው። እንዲያውም ለዕድሜው የሚያኮራ ነው። መልሼ ወሰድኩለት። ወዲያው መዘግየቱን ቀጠለ።

ከዚያ አንድ ቀን ስልኬን አላነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። ሱቁን ለጋሽ ቀስ ትቼ ሮጥኩ፤ በያዝኩት ቁልፍ ከፍቼ ስገባ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ አባዬ ገና አልጋ ውስጥ ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሰዓቱ ከክር ሳጥንሽ አጠገብ ቆሟል። ሞላው አልቆ በራሱ ቆሟል። ረጅሙ ቆጣሪም መንገድ ላይ እንዳለ ቀርቷል።

«አባዬ፣ አልሞላኸውም?»

«ምን ያደርጋል? ልክ ላይሆን። ተይው፣ አሮጌ ሰዓትና አሮጌ ሰው ጠጋኙ ይደክማል እንጂ አይታደሱም።»

እማዬ፣ ሰዓቱን መሙላት ከተወ ለምን ይነሳል? ሁለታችሁንም በአንድ ዓመት ላጣ ነው ብዬ ማድ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ፣ እንዳይሰማኝ።

ሰዓቱን እንደገና ሱቅ ወሰድኩት። አሁንም እጄ ልማዱን አደረገ፤ ሞላሁት፣ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መለስኩት፣ ፈተንኩት። ልክ ነው። መፍቻውን ወረወርኩት። ጋሽ ቀስ አጉሊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ።

«ቀስ። ሰዓቱ እዚህ ጤነኛ ነው፣ ቤት ይታመማል። እንግዲህ በሽታው ያለው የት ነው?»

«ቤት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትፈልጊያለሽ? ሂጂና እደሪ። መሣሪያ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ዓይንሽን ብቻ ይዘሽ ሂጂ።»

ሄድኩ። የልጅነት አልጋዬ ላይ አደርኩ። ጠዋት ሰዓቱን ሞልቼ ሰጠሁትና ልብስ የማጣጥፍ መስዬ በበሩ ክፍተት ተመለከትኩት። እጁ ላይ አሰረው። ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ በአውራ ጣቱ የላይኛውን ቁልፍ፣ ሕፃን እንዳይነቃ በር እንደሚዘጋ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ተጫነው። ቆጣሪው ተነሳ። አባዬም እጅጌውን ሸፈነበት።

ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ምን እየቆጠርክ ነው?»

«ምንም።»

«እኔ ልጅህ ነኝ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር የነገረኝ። «እናትሽ ያን ቀን በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ። ፈርቻለሁ መሰለኝ፤ ፊቴ ላይ ታይቷታል። 'አምስት ደቂቃ፤ ቁጠርብኝ' አለችኝ። እየሳቀች። ተጫንኩት። ከዚያ ሐኪሙ ወጣ። እሱ ሲያወራ እኔ ይሄን ነበር የማየው። ይሄዳል። ጣቴን አስጠጋሁ፣ እምቢ አለኝ። ቁጠርብኝ አለችኝ እንጂ አቁም አላለችኝም።»

ያቺ እሑድ መጣችብኝ። «አባዬ፣ እኔ… ጠረጴዛው ላይ…»

«አዎ። ዜሮ አደረግሽው።»

«ለምን አልጮህክብኝም? ለምን እጄን አልያዝከኝም?»

«ምን ብዬ? ባለሙያ ሥራዋን ሠራች።» ከዚያ ጭንቅላቴን ወደ ትከሻው ሳበው፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ነክቶኝ አያውቅም ነበር። «አታልቅሺ። ቁጥሩ አይደለም። እሱ እንደሆነ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆጥሮ መልሶ ከአንድ ነው የሚጀምረው። ቁጥር ብፈልግ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ አለ። እኔ መሄዱን ነው የምፈልገው።»

ሁለታችንም አለቀስን፣ እማዬ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? የሰበሰበውን ሁሉ ያን ጠዋት አወጣው። ሲበቃን ፎጣ አምጥቼ ፊቱን ጠረግሁለት፣ እሱም በዚያው ፎጣ የእኔን።

ልማድ ክፉ ነው፤ አፍንጫዬን እየሳብኩ የሙያ ወሬ ጀመርኩ። «ሰዓቱን የሚያዘገየው እኮ ይሄ ነው። መቁጠሪያው ሲሄድ ጉልበቱን የሚወስደው ከዚያው ከአንዱ ሞላ ነው። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ግድ የለውም። ሌት ተቀን ሲሆን ግን ልጅ አዝሎ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው፤ ይዘገያል። ቁልፉን ካቆምከው ልክ ይሆናል።»

ዞር ብሎ አየኝ። ዕድሜውን ሙሉ ለሰከንድ ሲጨነቅ የኖረ ሰው መሆኑን አትርሺ።

«እንግዲያው ይዘግይ» አለ።

ቡና ቤት እንደሄደ ሰው እግሩን አነባብሮ ዘና ለማለት ሞከረ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ዜናው ላይ ሲዘገይብኝ ግን ያመኛል» አለ፣ እንደ ልጅ።

ሱቅ ገብቼ ለጋሽ ቀስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉት ቆዩ።

«መቁጠሪያው እየሄደ ላስተካክለው እፈልጋለሁ» አልኳቸው። «ሁልጊዜ እንደሚሄድ አድርጌ።»

«ደንቡ አይደለም። ሰዓት የሚስተካከለው መቁጠሪያው ቆሞ ነው።»

«ደንቡን አልጠየቅኩዎትም፣ ጋሼ። ይቻላል ወይ ነው ያልኩት።»

ሳቁና የራሳቸውን መብራት ወደ እኔ ገፉልኝ። «ይቻላል። ግን ቀስ። አንድ ነገር እወቂ፤ በዚህ ካስተካከልሽው መቁጠሪያውን ያቆመው ዕለት መቅደም ይጀምራል። ሸክሙ ሲወርድለት ይሮጣል።»

«የሚያቆምበት ቀን የለም» አልኳቸው።

«እኔ አለ አላልኩም። እወቂ ነው ያልኩሽ።»

ወዲያና ወዲህ በምትወዛወዘው ትንሽ መንኮራኩር ላይ ያለችውን ማስተካከያ በትንሹ እየገፋሁ፣ መቁጠሪያውን እንዳስነሳሁ እጄ ላይ አስሬው ስሠራበት፣ ስተኛበት፣ ዕቃ ሳጥብበት ሰነበትኩ። ሲቀድም እመልሳለሁ፣ ሲዘገይ እጨምራለሁ። አንዳንዴ የአንቺ አምስት ደቂቃ እጄ ላይ ስትዞር አያት ነበር፣ አልደብቅሽም፣ እኔም የምትመጪ መስሎኝ ያውቃል።

ቆጣሪው እየዞረ ወሰድኩለት። ማታ ሬዲዮውን ከፈተ፣ ወንበሩን አስጠጋ፣ ትንፋሹን ያዘ። ምልክቱ ሲጮህ ትንሹ ሰከንድ ቆጣሪ እላይ፣ ስልሳው ላይ ነበር። ልክ። አባዬ አንዴ ሰዓቱን አንዴ ረጅሙን ቆጣሪ አየ፤ ሁለቱም ይሄዳሉ።

«አላቆምሽውም» አለ።

«አላቆምኩትም።»

እጄን ይዞ አገላበጠውና መዳፌን ሳመው። ሬዲዮውንም ከዜናው በኋላ አልዘጋውም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት መነሳት ጀመረ። ቀጥሎ ምን ሆነ መሰለሽ? ሰዓቱን አመነና ሬዲዮውን መጠራጠር ጀመረ። «ይሄ ምልክት ዘግይቷል፤ እኔ አይደለሁም!» ይላል። አንድ ቀን ጫማውን ቀብቶ፣ ያንን ሰማያዊ ኮቱን ለብሶ፣ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነገራቸው። ዘግይቶ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ብቻ የድሮ ባልደረቦቹ አንገቱን አቅፈው ሻይ ጋብዘው እስኪመሽ አልለቀቁትም። አሁን በየጊዜው ይሄዳል። «ላርማቸው ነው» ይላል። እኔም «ደግ አድርገሃል» እለዋለሁ።

ሰኞ ዕለት ምሳ እሠራለሁ ብሎ ጠራኝ። አዎ፣ እሱ! ከሱቅ ስወጣ ደወልኩና «አምስት ደቂቃ፣ ደረስኩ» አልኩት። ልክ ስወጣ ደንበኛ መጣ፣ ማሰሪያ ለወጥኩለት፣ ከዚያ ሌላዋ መጣች። ስደርስ በሩ ተከፍቶ አባዬ ደፍ ላይ ቆሟል፣ ሰዓቱን አውልቆ እጁ ላይ ይዞታል። «ክቡራን አድማጮቻችን» አለ፣ በዚያ ድምፁ። «አምስት ደቂቃ ተብሎ የተያዘው ፕሮግራም ባጋጠመ የዘር ችግር ምክንያት…» እኔ በሳቅ ግድግዳ ያዝኩ። እሱም ሳቀ። ምግቡ ጨው በዝቶበት ነበር፣ ሁለታችንም ጨረስነው። በሳቁ መሃል የሆነውን ነገር ግን ዓይኔ እያየ አላየሁትም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሰዓት ሠሪ ሆኜ አላየሁትም።

ዛሬ ደወለ። ድምፁ የድሮው ነገረኛ ድምፅ ነው።

«ባለሙያዋ! ይሄ ሰዓት ደግሞ መቅደም ጀመረ።»

ጋሽ ቀስ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳነበቡ እንጃ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉት።

«ከመቼ ወዲህ?» አልኩት።

«ከሰኞ ወዲህ።»

«ሰኞ ምን አድርገህበት ነበር?»

«ምን አደርግበታለሁ? አንቺን ቆጠርኩብሽ እንጂ» አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ዜሮ አድርጌ ነበር የጀመርኩት። ስትመጪ አቆምኩት። ማታ ላስነሳው ብዬ ነበር፤ በሳቅ ደክሞኝ ነው መሰለኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋትም… አላስነሳሁትም።»

በስልኩ ውስጥ የቤታችን ሬዲዮ ይሰማል።

«ወደ ድሮው ላስተካክለው?» አልኩት። «መቁጠሪያው ቆሞ ልክ እንዲሄድ?»

«እናትሽ ትቆጣለች?»

እማዬ፣ በስንት ነገር እንባዬን አምቄ ይህችን አልቻልኩም። «እጠይቃታለሁ» አልኩት።

«ጠይቂያት። እኔ እየመጣሁ ነው። አምስት ደቂቃ።»

ይኸው እየጠየቅኩሽ ነው። የምጠብቀው ሰው እሱ ነው። «አምስት ደቂቃ» ሲለኝ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የደንበኛ ክሮኖግራፍ አንስቼ የላይኛውን ቁልፍ ቀጭ አደረግሁት፤ ጋሽ ቀስም አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ይህን ሁሉ ገጽ ጽፌ አባዬ ገና አልመጣም። አስቢው፣ አባዬ! ለሰከንድ እራት የማይበላለት ሰውዬ! አሁን በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ከጫማ ሠሪው ጋር ቆሞ ስለ ሬዲዮ ምልክት ይከራከራል፣ በእጁ ያወራል፣ ኮቱ ተከፍቷል። አብሮሽ ሲኖር አንድ ነገር ሰርቆሻል፤ እኔ ግን አልከስሰውም።

አንቺ የማትወጂው ነገር ሲኖር ዝም ብለሽ አታውቂም። እስካሁን ምንም አላልሽም፤ እንግዲህ እንደፈቀድሽ ልቁጠረው። ሰዓቱን ዛሬውኑ እከፍተዋለሁ። መፍቻውን ከመያዜ በፊት ግን አንዴ የላይኛውን ቁልፍ ተጭኜ ትንሽ አስኬደዋለሁ፣ ስለ አንቺ፤ ከዚያ እሱ በገዛ ጣቱ እንዲያቆመው እሰጠዋለሁ።

ጫማ ሠሪውን ተሰናበተው። መንገዱን እየተሻገረ ነው። ግራና ቀኝ አየ፣ ጎበዝ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት አልነግርሽም፤ ትስቂበታለሽ።

ሁሌም የምትናፍቅሽ
ልጅሽ

አንቺ ከመጨረሻው መስመር ስለምትጀምሪ፤ አባዬ መጣ።